የታወቀ ደራሲ ላልታወቀው ያለበት ግዴታ

ድርሰት መጻፍና አንባቢ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው በቋንቋ ችሎታው፣ በዕውቀቱና በትጋቱ መልካም ድርሰት ሊጽፍ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከአንባቢ እጅ ካልደረሰ በጎተራ ውስጥ ተዘግቶበት እንደ ቀረ ዘር ይሆናል። ያ ዘር ያልበቀለው ክፉ ዘር ስለ ሆነ ሳይሆን ማሳ ስላላገኘ ነው። በአገራችን የድርሰት ታሪክ በዚህ ዓይነት ሳይበቅሉ የቀሩ ሥራዎች ብዙ እንደ ሆኑ አያጠራጥርም። ስንት እንደ ሆኑ ግን መናገር አይቻልም፤ ያልታወቀ ነገር አይቆጠርምና።

አንባቢስ መጽሐፍ የሚመርጠው እንዴት ነው? ወደ መጻሕፍት መደብር ወይም ወደ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋው ስሙን ወደሚያውቀው ደራሲ ነው። ይህን በማድረጉ ሊወቀስ አይገባውም። ገንዘቡ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ስለ ሆነ በማያውቀው ሰው ሥራ ላይ ከማዋል ይልቅ ቀድሞ ባስደሰተው ደራሲ ሥራ ላይ ማዋልን ይመርጣል። የዚህ ውጤት ግን የታወቀው ይበልጥ እየታወቀ መሄዱ፣ ያልታወቀውም ባለበት መቅረቱ ነው። አንባቢው በሩን የሚከፍተው ለሚያውቀው ሰው ብቻ ከሆነ፣ እንግዳው ወደ ቤት ሊገባ የሚችለው የታወቀው ሰው እጁን ይዞ ሲያስገባው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው። ስም ያተረፈ ደራሲ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ስም ላላተረፈው ደራሲ ቦታ መስጠት ይገባዋል። ይህም ቸርነት ሳይሆን ግዴታ ነው። ምክንያቱም የታወቀው ደራሲ ለታዋቂነት የበቃው በራሱ ብርታት ብቻ አይደለም። ፊደል ያስቆጠሩት፣ ተረት የነገሩት፣ ቅኔ ያሰሙት፣ ረቂቁን አንብበው ያረሙለት ሰዎች አሉ። የአብዛኞቹ ስም የትም አልተጻፈም። ብዙዎቹም ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ውለታቸውን ለራሳቸው መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ዕዳው የሚከፈለው ከኋላ ለሚመጡት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ቦታ ላይ አድርገን እንመልከተው። ሰላ ድንጋይ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸው በዚህች ቦታ ነበር። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ በኩል አልፎ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅን አግኝቷቸዋል። የጉዞ ማስታወሻውም ኢዘንበርግ ከተባለው የሥራ ባልደረባው ማስታወሻ ጋር እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ ታትሞ ወጣ። ስለዚህ የሰላ ድንጋይ ስም በሩቅ አገር አንባቢዎች ዘንድ የደረሰው ከአካባቢው ተወላጅ በተጻፈ መጽሐፍ አይደለም፤ እንግዳ በጻፈው መጽሐፍ ነው።

በዚያው ዘመን በሰላ ድንጋይና በዙሪያዋ ባሉት አድባራት ቅኔ የሚቀኙ ሊቃውንት፣ በሠርግ ግጥም የሚገጥሙ ዘፋኞች፣ በልቅሶ ቤት የሟችን ታሪክ በስንኝ የሚያወርዱ አልቃሾች እንደ ነበሩ ለመገመት አያስቸግርም። መንገደኛው የመዘገበው ግን የገዥዎቹን ስም ነው። ዓላማው ሌላ ነበርና በዚህ አይወቀስም። እኛ ግን ከነገሩ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። በመጽሐፍ ውስጥ ስሙ የገባ ሰው ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶም ይታወሳል፤ ስሙ ያልገባው ሰው ግን፣ ምንም እንኳ ቃሉ የጣመ ቢሆን፣ ከሰሚዎቹ ጋር አብሮ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን እንመለስ። በሰላ ድንጋይ የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግጥም ትጽፋለች እንበል። ግጥሟን በወላጆች ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ታነበዋለች፤ ይጨበጨብላታል። ከዚያ በኋላ ግጥሙ ወደ ደብተሯ ይመለሳል። ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች፣ አብዛኞቹ አሳታሚዎችና መጻሕፍት መደብሮች ያሉት በአዲስ አበባ ነው። መጽሐፍ ለማሳተም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ታትሞም ቢሆን የሚሸጥለት ሰው ያስፈልጋል። እርግጥ ነው፣ ዛሬ ማንም ሰው በእጅ ስልኩ ግጥሙን በአንድ ቀን ለብዙ ሕዝብ ሊያሰራጭ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ቀን ሌሎች እልፍ ግጥሞችም ይሰራጫሉ። አንባቢው በብዛቱ ሲጨነቅ እንደ ገና የሚያውቀውን ስም ይፈልጋል። ስለዚህ መንገዱ ቢቀየርም ችግሩ አልተቀየረም። ያቺ ልጅ የሚያስፈልጋት አንባቢው የሚያምነው ሰው «ይህችን ልጅ አንብቡ» ብሎ እንዲናገርላት ነው።

እንዲህ ያለው ተግባር በአገራችን አዲስ አይደለም። ምሳሌውን ለማግኘትም ከሰሜን ሸዋ መውጣት አያስፈልግም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በመርሐ ቤቴ ነው። በደራሲነት ሕይወታቸው መጀመሪያ ላይ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ። በኋላም ስማቸው ከገነነ፣ ብዙ መጻሕፍትም ከጻፉ በኋላ፣ ይህንኑ ሥራ አስፋፍተው በ1920 ዓ.ም. እንደ ገና አወጡት። በዚያን ጊዜ ስለ ራሳቸው መጻሕፍት ብቻ ቢናገሩ የሚከለክላቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን የሌሎችን ሥራ ቆጥረው ለአንባቢ አስታወቁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር በመልኩ ሲታይ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ በውስጡ ታሪክም ጨዋታም የለበትም። ዋጋው ግን ትልቅ ነው። አንባቢው ከዚያ ቀደም መኖሩን እንኳ ያላወቀውን መጽሐፍ ፈልጎ እንዲያገኝ መንገድ ያሳየዋል። መጽሐፉ በእሳት ወይም በዝርፊያ ቢጠፋ እንኳ አንድ ጊዜ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በጠላት ወረራ ዘመን ብዙ የአገራችን መጻሕፍት መጥፋታቸውን ስናስብ፣ የዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚጠቅም እንረዳለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በዚህ ብቻ አላበቁም። በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔዎች ሰብስበው መጽሐፈ ቅኔን አሳተሙ። ቅኔ በባሕርዩ በአፍ የሚሰማ ነው። ባለቅኔው በማኅሌት ላይ ቆሞ ይቀኘዋል፤ የሰማው ይደነቃል፤ የያዘው በቃሉ ይዞት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ቅኔው ተወርሶ የባለቅኔው ስም የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁለቱም አብረው የሚጠፉበት ጊዜ ደግሞ ይበልጣል። አንድ የታወቀ ሰው ይህን በቃል የሚሄድ ሀብት ሰብስቦ በማተሚያ ቤት ሲያሳርፈው፣ ከአንድ ደብር ውጭ የማይታወቅ ሊቅ በአገሩ ሁሉ የሚያነብበው ሰው ያገኛል። የአሳታሚው ስም ለሌሎቹ ድልድይ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉት ሊቅ በግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ላይ ትልቅ ሥራ ጀምረው ነበር። ሥራው ሳይፈጸም ስለ ቀረ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በአደራ ተላለፈ። አለቃ ኪዳነ ወልድም በኢየሩሳሌምና በአገራቸው ለብዙ ዓመታት ደክመውበታል፤ ነገር ግን ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው አሁንም ወደ ሌላ ደቀ መዝሙር፣ ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ። አለቃ ደስታ የመምህራቸውን ጽሑፍ አሰናድተው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ርእስ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተሙት። የራሳቸው ታላቅ ሥራ የሆነው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። የመምህራቸውን መጽሐፍ በመምህራቸው ስም አስቀድመው፣ የራሳቸውን ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ አስከተሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድም በበኩላቸው ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ መሆናቸውን በመጽሐፉ ውስጥ ጽፈዋል። ዛሬ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው ከሁሉ ይልቅ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው።

የእኒሁ ሊቅ ታሪክ ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም በነበሩበት ጊዜ ኢግናዚዮ ጉይዲ የተባለውን የኢጣልያ ሊቅ በአማርኛ ጥናቱ ረድተውታል። ጉይዲ የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1901 አሳተመ። ይህ መጽሐፍ በአውሮፓ የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የሚነበበውም የጉይዲ ስም ነው። ረዳቱን የሚያውቁ ግን የቋንቋውን ጥናት የተከታተሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከሁለቱ መጻሕፍት ልዩነት የምንማረው ይህ ነው፤ በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ረዳት ሆኖ መጠቀስና የሥራ ባለቤት ተብሎ መታወቅ እኩል አይደሉም። ስለዚህ የታወቀው ደራሲ ለሌላው ቦታ ሲሰጥ የሚሰጠው ቦታ በግልጽ የሚታይ መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ በአባትና በልጅ መካከል የተደረገ ነው። መንግሥቱ ለማ በግጥሞቹና በተውኔቶቹ የታወቀ ደራሲ ነበር። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ግን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሆነው ሳለ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ባደገው አንባቢ ዘንድ ብዙ አይታወቁም ነበር። መንግሥቱ ለማ አባቱ የነገሩትን ትዝታ በጽሑፍ አስፍሮ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። ነገሩን ሁሉ ወደ ራሱ አጻጻፍ ለውጦ በራሱ ስም ልብ ወለድ ሊያደርገው ይችል ነበር። እርሱ ግን ተናጋሪው አባቱ ሆነው እንዲቀሩ ፈቀደ፤ የመጽሐፉንም ርእስ በአባቱ ስም ጠራው። የልጁን ተውኔት ወድዶ መጽሐፉን ያነሣ አንባቢ የአባቱን ቃል ሰማ፤ በአባቱም ቃል ውስጥ ስለ ሌሎች የጥንት ሊቃውንት ሰማ። ስለዚህ አንድ የታወቀ ስም የከፈተው በር የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም ያለ ነው። ሕንዳዊው ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር በቤንጋል አገር ስሙ እጅግ የገነነ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚያነቡ አውሮፓውያን ግን አያውቁትም ነበር። ግጥሞቹን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ወደ ለንደን በመጣ ጊዜ የአየርላንዱ ታዋቂ ባለቅኔ ዬትስ አነበባቸው፤ ወደዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1912 «ጊታንጃሊ» በሚል ርእስ ሲታተሙም መቅድሙን የጻፈው እርሱ ነው። የመጀመሪያው እትም 750 ቅጂ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ታጎር የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱን ያስገኘለት የዬትስ መቅድም ነው ማለት አይቻልም፤ ሽልማቱን ያስገኘው ግጥሙ ነው። ነገር ግን ግጥሙ የሚመዘንበት ቦታ ላይ እንዲደርስ መቅድሙ ረድቶታል። በተጨማሪም ይህ ምሳሌ «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ያስረዳናል። አንድ ሰው በአገሩ የታወቀ ሆኖ ከወንዝ ማዶ ላይታወቅ ይችላል። በሰላ ድንጋይ ሠርግና በዓል ሁሉ የሚፈለግ ግጥም ገጣሚ በአዲስ አበባ ስሙን የሰማ ላይኖር ይችላል። ይህ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የመንገድ እጦት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። እነርሱንም ሳይመረምሩ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

አንደኛው ተቃውሞ «መልካም ሥራ ራሱን ያስተዋውቃል፤ አጃቢ አያሻውም» የሚል ነው። ይህ አባባል ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ማስረጃ ተደርገው የሚቀርቡት በመጨረሻ የታወቁት ደራሲያን ብቻ ናቸው። መልካም ሥራ ሠርተው ሳይታወቁ የቀሩት ለምስክርነት ሊጠሩ አይችሉም፤ ማን እንደ ሆኑ አናውቅምና። ከላይ ባየነው ምሳሌ አለቃ ደስታ አደራቸውን ባይወጡ ኖሮ፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ጽሑፍ የቱንም ያህል የጠለቀ ቢሆን ራሱ ተነሥቶ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። «ታዋቂዎች ስማቸውን ለሌላው ማዋስ ከጀመሩ ወዳጅ ወዳጁን፣ ዘመድ ዘመዱን ማወደስ ይበዛል፤ አንባቢም ይታለላል» የሚል ነው። በእርግጥ እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል። መጽሐፉን ሳያነብቡ በጀርባው ላይ የሚጻፍ ምስጋና፣ ለሁሉም በአንድ ቃል የሚታደል ውዳሴ በመጻሕፍት ገበያ የማይታይ አይደለም። አንድ ጊዜ የተታለለ አንባቢ ሁለተኛ ጊዜ አያምንም፤ በዚህም ጊዜ የሚጎዳው ተመስጋኙ ብቻ ሳይሆን አመስጋኙም ነው፤ ስሙ እንደ ተሸራረፈ ገንዘብ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ የተቃውሞው ፍሬ ነገር እውነት ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ምስክርነት ይቅር ማለት ሳይሆን ምስክርነት እውነተኛ ይሁን ማለት ነው። ለሌላው የሚመሰክር ደራሲ አስቀድሞ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት። መልካም ያለውን ነገር ለይቶ በምሳሌ ማሳየት፣ ጉድለት ካለም ሳይሸሽግ መናገር ይገባዋል። «ይህ ወጣት ጎበዝ ነው» ከሚል ባዶ ቃል ይልቅ «የአገሩን የገበሬ አነጋገር አሳምሮ ይይዛል፤ የታሪኩ አጨራረስ ግን ይቸኩላል» የሚል ቃል ለአንባቢውም ለጸሐፊውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ካልታወቁት ጸሐፊዎች የሚመጣ ነው። «በሌላው ስም ብንወጣ በሌላው ጥላ ሥር እንቀራለን» ይላሉ። ይህም ሥጋት ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ቀድሞ የጠቀስነው የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። መድኃኒቱ ግን ስም መጥቀስን ከስም መዋጥ መለየት ነው። የሰውን ግጥም ወስዶ በራሱ ታሪክ ውስጥ ከትቶ «አንድ ባለቅኔ እንዳለው» ብሎ ማለፍ ስም መዋጥ ነው። የባለቅኔውን ሙሉ ስም፣ አገሩን፣ ሥራውም ካለ የሚገኝበትን ቦታ መጻፍ ግን ስም መጥቀስ ነው። የመጀመሪያው አንባቢውን በታዋቂው ደራሲ ደጅ ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው አልፎ እንዲሄድ መንገድ ያሳየዋል።

በመጨረሻም «ይህ ሁሉ የታወቀውን ደራሲ አይጎዳውምን? አንባቢውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይሆንምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በገጠር ጎረቤት እሳት ልትጭር ስትመጣ የቤቱ እመቤት ፍም ትሰጣታለች፤ በዚህም ምክንያት የእርሷ ምድጃ አይጠፋባትም። ንባብም እንደዚሁ ነው። አንድ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ ይፈልጋል እንጂ በአንዱ ጠግቦ አይተውም። ጥሩ መጽሐፍ ያመላከተውን ደራሲ ያመሰግናል፤ ወደ እርሱም ይመለሳል። አንባቢ በበዛበት አገር ደራሲ ሁሉ ይጠቀማል፤ አንባቢ ባነሰበት አገር ታዋቂውም ቢሆን ስሙ እንጂ መጽሐፉ አይሸጥለትም።

እንግዲህ ግዴታው በሥራ ሊገለጥ የሚችለው እንዴት ነው? ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የታወቀ ደራሲ በመጽሐፉ መቅድም ላይ በዚያው ጉዳይ የጻፉትን ሌሎች ሰዎች በስም መጥቀስ ይችላል። በመጨረሻዎቹ ገጾች አንድ ገጽ ለይቶ «እነዚህንም አንብቡ» ብሎ የአምስት ወይም የስድስት መጻሕፍትን ስም ከነጸሐፊዎቻቸው ማስፈር ይችላል። የአጫጭር ታሪኮች ወይም የግጥም መድበል በሚዘጋጅበት ጊዜ የታዋቂዎቹን ሥራ ከጀማሪዎቹ ጋር አጎራብቶ ማውጣት ይቻላል፤ የታዋቂውን ታሪክ ሊያነብ የገዛው ሰው ቀጥሎ ያለውን ገጽ ሳይገልጥ አይቀርም። በአገራችን የነበሩት መጽሔቶች፣ ለምሳሌ መነንና የካቲት፣ የታወቀውንና ያልታወቀውን በአንድ እትም ውስጥ አጎራብተው በማውጣታቸው ሥነ ጽሑፋችንን ጠቅመዋል። መጽሐፍም ይህንኑ ልማድ ሊይዝ ይችላል።

ከመጻሕፍት ሁሉ ግን ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው እናንተ አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ዓይነት መጽሐፍ ነው። የልብ ወለድ መጽሐፍ የሚያነብበው የፈለገ ሰው ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ግን የፈለገም ያልፈለገም ያነብበዋል። የመጻሕፍት መደብር በሌለበት ወረዳ እንኳ የመማሪያ መጽሐፍ ይደርሳል። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ለምንባብ የሚሆኑ ጽሑፎች ሲመርጥ ሁልጊዜ በእነዚያው በታወቁት ደራሲያን ብቻ ቢወሰን፣ ባለው ትልቅ ኃይል አልተጠቀመበትም ማለት ነው። ከዐሥር ምንባቦች ሁለቱ እንኳ መልካም ጽፈው ሳይታወቁ ከቀሩ ሰዎች ቢወሰዱ፣ በአንድ ዓመት የሚያገኙት አንባቢ በሕይወት ዘመናቸው ካገኙት ይበልጣል።

ተማሪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። መቅድም ተማሪዎች ዘወትር የሚዘልሉት ክፍል ነው፤ ነገር ግን ደራሲው የመምህሮቹን፣ የረዳቶቹንና የወዳጆቹን ስም የሚያነሣው በዚያ ነው። አንድ መጽሐፍ ስታነብቡ መቅድሙን ሳታነብቡ አትለፉ፤ ያገኛችሁትን ስም በማስታወሻ ደብተር ጻፉ፤ ከዚያም ሥራውን ፈልጉ። ደራሲ ወደ ትምህርት ቤታችሁ በእንግድነት ከመጣ ስለ ራሱ መጽሐፍ ብቻ አትጠይቁት፤ «ከእርስዎ ሌላ ማንን እናንብብ?» ብላችሁ ጠይቁት። በአካባቢያችሁ ቅኔ የሚያውቁ አባቶች፣ የልቅሶና የሠርግ ግጥም የሚያወርዱ እናቶች ካሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቃላቸውን ከነስማቸው፣ ከነቀበሌያቸውና ከተነገረበት ቀን ጋር መዝግቡ። መዝገቡም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። አንድ ቀን ከእናንተ መካከል ስም የሚያተርፍ ደራሲ ቢወጣ ያ መዝገብ የመጀመሪያው የአደራ ዕቃው ይሆናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የአንድን አገር ሥነ ጽሑፍ አምስት ወይም ስድስት ታዋቂ ደራሲያን ብቻ እንዲሸከሙት ማድረግ ለእነርሱም ከባድ ነው፤ ለአገሪቱም ጌጥ አይሆንም። ከመርሐ ቤቴ የተነሡት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሌሎችን መጻሕፍት ሲቆጥሩ፣ ደስታ ተክለ ወልድም የመምህራቸውን ሥራ ከራሳቸው ሲያስቀድሙ ይህን የተረዱ ይመስላል። ዛሬ ስም ያላቸው ደራሲያን የእነዚህን ሰዎች ልማድ ቢከተሉ፣ በሰላ ድንጋይም ሆነ በሌላ ቦታ በደብተር ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ መልካም ግጥም የሚያነብበው ሰው ያገኛል። ለዚህ የሚጠየቁት ዋጋ ከመጽሐፋቸው አንድ ገጽ፣ ከጊዜያቸውም ጥቂት ሰዓት ነው። ይህን ያህሉን መስጠት ከባድ ሊሆን አይገባውም።